ቡጢው ሳያርፍ የጨፈርኩት እኔ ነኝ

ዛሬ የሰራሁትን ጉድ ልንገራችሁና አንፍሬንድ እንዳታደርጉኝ።

አማቼ ቤት ተዋርጄ መጣሁ! አማቼ ስል ገና ናቸው። ይሁኑ አይሁኑ መጨረሻ ላይ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ፍቅረኛዬ ቤዛ ከእንጦጦ ስር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው ቤታቸው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ። አባቷ ጋሽ ተክሌ ደግሞ አስቀድመው ሊያዩኝ ፈለጉና ለዛሬ ምሳ ጠሩኝ።

ጋሽ ተክሌ የቦክስ ሰው ናቸው። የሻምፒዮና ፍልሚያ እኛ ጋ የሚደርሰው እሁድ ጎህ ሲቀድ ነው፤ እሳቸው ያን ሰዓት እንጦጦ ቅዳሴ ላይ ናቸው። ስለዚህ ቤዛ ትቀዳላቸውና ከምሳ በኋላ ያያሉ።

እስከዚያ ውጤቱን የነገራቸው ሰው አለቀለት። ከቤተክርስቲያን ሲወርዱ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠምጥመው ነው። የሰፈሩ ባለሱቅ እንኳን ሲያያቸው ሬዲዮውን ይዘጋል።

ትናንት ቤዛ ደወለች። "ጠዋት እንዳታይ። ከአባዬ ጋር ነው የምታየው፣ እሺ?"

"እሺ" አልኩ።

ያላየሁ መሰላችሁ?

ካራ፣ እቤቴ፣ አልጋዬ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በሞባይል አየሁት! ምን ላድርግ? ልጅ ሆኜ ጎረቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ ነው ቦክስ የለመድኩት። መጋረጃውን ሲዘጉብን በድምፁ ብቻ ማን እንደተመታ እንገምት ነበር። ዛሬ ሙሉ ስክሪን እጄ ላይ እያለ እንዴት ልተኛ?

ፍልሚያው ደግሞ! ባለቀይ ቁምጣው ሲደበደብ፣ ሲደበደብ ቆይቶ ስምንተኛው ራውንድ ላይ አንድ የግራ ሁክ አሳረፈ። ባለነጩ እንደ ጆንያ ተዘረጋ። እንዳልጮህ ብርድ ልብሱን ነከስኩ።

ምሳ ተበላ። ጋሽ ተክሌ ሪሞቱን አንስተው አዩኝ።

"አይተኸዋል እንዴ?"

"ኧረ ጋሼ፣ ስልኬንም አጥፍቼ ነው የመጣሁት።"

ቤዛ በዓይኗ ገላመጠችኝ። ታውቀኛለቻ።

ግን ሰውየውን ወደድኳቸው! በየራውንዱ መሀል ያወጉኛል። በወጣትነታቸው ቀበሌ አዳራሽ ተሰብስበው ሲያዩ ምስሉ ይጠፋል፤ ያኔ አንድ ሰው ተነስቶ ቴሌቪዥኑን በቡጢ ይለዋል። "እሱም ድርሻውን ይቀምስ ነበር" አሉ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ቡጢ ሲሰነዝሩ እኔም አጎነብሳለሁ። "ግራህን አንሳ አንተ!" ይላሉ፣ ባለቀዩን ነው። እኔም አብሬ "ግራህን!" እላለሁ። ሞቅ አለን። መዋሸቴን ረሳሁ።

ስምንተኛው ራውንድ ገባ።

አላስቻለኝም! ብድግ ብዬ "በቃ! ተዘረረ!" አልኩና ሁለት እጄን ሰቅዬ ጨፈርኩ።

ስክሪኑ ላይ ሁለቱም ቆመው ይዟዟራሉ።



ጋሽ ተክሌ ረጋ ብለው "ገና አልመታውም እኮ ልጄ" አሉ።

ከዚያ መታው። ወደቀ። ማንም አልጨፈረም። እኔ እጄን እንደሰቀልኩ ነኝ፤ መቼ እንደማወርደው ጠፋኝ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ጠዋት አይቼዋለሁ" አልኩ። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ። እሳቸው ቴሌቪዥኑን አጠፉ።

ስወጣ እስከ በሩ ራሳቸው ሸኙኝ።

"ሽማግሌ ልትልክ ነው አሉ።"

"ከፈቀዱልኝ፣ ጋሼ።"

"ላክ። መልሴን ግን አንተ ቀድመህ ታውቀው የለ?"

ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ጠምጥመው ገቡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሳቅ ይሁን ንዴት እንጃ!

ታክሲ ውስጥ የቤዛ ቴክስት ገባ። "እጅህን አወረድከው?"

ይኸው እቤቴ ቁጭ ብያለሁ። አሁን ውጤቱን ሳላውቅ የምጠብቀው ፍልሚያ ይሄ ብቻ ነው። ፈረንሳይ አካባቢ ያላችሁ፣ ሰውየው ምን እንዳሰቡ የሰማችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ...

አይ፣ ተዉት። እንዳትነግሩኝ።