ጠፈርተኞችን ሰላም ልል ብዬ አውሮፕላን አየር ላይ አስቀረሁ

ወገን! ዛሬ አመሻሽ ላይ ሐርጌሳ ሰማይ ላይ ማረፍ አቅቶት ሲዞር የነበረ አውሮፕላን ካያችሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው!!!

አዎ። የኔ፣ የዲሽ ሠራተኛው።

ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ። ጦርነቱ ወልዲያ ከገባ ወዲህ ስልክ የለም። እናቴ ትኑር አትኑር አላውቅም። እዚህ ሐርጌሳ፣ ሼክ ኑር ሰፈር ያሉት ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽም ልጆቻቸውን እዚያው ትተው ነው የመጡት።

እና ምን ባነብ ጥሩ ነው? ጠፈርተኞች መሬት ላይ ካለ ሰው ጋር በሬዲዮ ያወራሉ! መንኮራኩራቸው ደግሞ ዛሬ በላያችን ታልፋለች! ከዚያ ከፍታ ሐርጌሳም ወልዲያም እኩል ይታያል!

ጥያቄዬ አንድ ናት። «ወልዲያ መብራት አለ?» መብራት ካለ ሰው አለ ማለት ነው። በቃ፣ ሌላ አልፈልግም።

ሬዲዮ አለኝ። ከገበያ የገዛሁት አሮጌ የፓይለት ሬዲዮ ነው፣ ሥራ ስፈታ አብራሪዎች ሲያወሩ አዳምጥበታለሁ። እንግሊዝኛውን ቀኑን ሙሉ ሳጠና ዋልኩ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ጣሪያ ላይ ወጡ።

ለጠፈርተኛ! ነጠላ!

መንኮራኩሯ እንደ ኮከብ እያበራች ብቅ አለች! የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። እንግሊዝኛው ብን ብሎ ጠፋ!

«ጤና ይስጥልኝ ጠፈርተኞች! እንዴት ናችሁ? ደህና ናችሁ ወይ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል?»

ምን ላድርግ? ሰው ሰላም ሳይባል ጥያቄ ይጠየቃል እንዴ? ስልክ ቁጥሬንም ነገርኳቸው፣ ምናልባት ቢደውሉ ብዬ። ከጠፈር!

ቁልፉን ስለቀው ድምፅ መጣ። በአማርኛ!!!

«ወንድሜ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ግን ወላሂ እኔ ጠፈር ላይ አይደለሁም፣ ኤርፖርት ታወር ነኝ! አውሮፕላን ላሳርፍ ነው፣ ከመስመሩ ውጣልኝ!»

ለካ በደስታ ብዛት ቻናሉን መቀየር ረስቻለሁ። ያን ሁሉ ሰላምታ ያወረድኩት አብራሪዎቹን በማዳምጥበት ላይ ነው!

እትዬ ጥሩነሽ «ምን አሉህ? መብራት አለ አሉ?» ይሉኛል። ቀና ስል መንኮራኩሯ ሄዳለች። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። ያው የታወሩ ሰውዬ! ቁጥሬን ለሰማይ ሁሉ አውጄ የለ! ልክ ልኬን ነገረኝ። እኔ «እሺ ጌታዬ፣ ይቅርታ ጌታዬ» ብቻ። ንዴቱ ሲበርድለት «ለመሆኑ ጠፈርተኛ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። የወልዲያን መብራት ነገርኩት።

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «እናቴ እዚያ ናት። እኔም ስልኳ እምቢ ብሎኛል። ስማ፣ ካገኘሃቸው ኮምቦልቻንም ጠይቅልኝ። ግን በኔ ቻናል እንዳትመጣ!»

ወገን፣ መንኮራኩሯ ነገም ታልፋለች። ቻናሉን ቀይሬ በፕላስተር አስሬዋለሁ። የሦስት ቤት አደራ ተሸክሜያለሁ፣ እሷ ደግሞ ቆማ አትጠብቅም፣ ሰላምታው ማጠር አለበት።

እስቲ ምከሩኝ፤ «ቤተሰብ ደህና?» የምትለዋን ብዘላት ይቀየሙኝ ይሆን?