የመድኃኔ ዓለም ጽዋ በጎፓል እጅ

እህህህ... ቆዩ እስቲ፣ እንባዬን ልጥረግ! ሆዴን ይዤ የምስቀው ህንዱ ጽዋ ሲረከብ ትዝ ብሎኝ ነው። ምርጡ ግን እሱ አይደለም፤ ምርጡ ወደ ኋላ ነውና ታገሱኝ።

ሰው ስለ እምነቱ ሲያወራ ሰምታችኋል? ሁሉም ሰማዕት ነው። ቡሬ ላይ «ለመድኃኔ ዓለም አንገቴን እሰጣለሁ» የማይል ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። አንገት መስጠት ቀላል ነው፤ ማንም አይጠይቅማ! እስቲ በነሐሴ፣ ጎተራው ተጠርጎ እህሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ አንድ ጋን ጠላና አንድ ድፎ ዳቦ ጠይቁት። ያኔ አንገቱን ያቀረቅራል።

የእኛ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር በየወሩ በሃያ ሰባት ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ አባ ይትባረክ ይባርኩናል፣ እመት አበቡ ሙሴያችን፣ ማለት አለቃችን ናት። በእኛ ዘንድ ተራ በዝርዝር አይያዝም። ልቡ የፈቀደ ተነስቶ ጽዋውን ይረከባል፤ የተረከበ በቀጣዩ ወር ይደግሳል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጽዋውን እንደ ሙሽራ ይሻሙበታል። ክረምት ሲገባ ግን ቆሞ ይቀራል።

ባለፈው ሐምሌ ደጋሿ እኔ ነበርሁ። ታዲያ ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየኝ ጎፓል የሚባል ህንዳዊ አለ፤ የፋብሪካ ማሽን የሚገጥም፣ መሃል አናቱ የተመለጠ፣ ዕድሜው ከእኔ የማይርቅ ሰው። ሥጋ አይቀምስም፣ እንቁላል አይነካም፣ ክፍሉ ሲገባ ጫማውን ደጅ ያወልቃል። መጀመሪያ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ «መናኝ ነው» ብሎ ተደመመበት። ረቡዕ ጠዋት ወተት ሲጠጣ እስክናየው ድረስ።

የዚያን ዕለት ጎረቤት ነውና ጠራሁት፤ በር ሥር ተቀምጦ ዳቦውን በሽሮ ይበላል። ጸሎቱ አለቀ። አባ ጽዋውን አንስተው «እንግዲህ ልጆቼ፣ ነሐሴን ማን ይረከበናል?» አሉ። ጭጭ! አንዷ የነጠላዋን ጥለት ታገላብጣለች። ሌላዋ ልጇ የጠራት ይመስል ወደ ደጅ ታያለች። እመት አበቡ የቤቴን ማገር አንጋጣ ትመረምራለች፤ ቤቱን ልትገዛው ነው እንዴ?

ጎፓል ወደ እኔ ጠጋ አለና «እትዬ ደብሬ፣ ይሄ የጌታ ኢየሱስ ነው?» አለኝ። አማርኛውን የለመደው ከፋብሪካው ወዛደሮች ነው።

«አዎ፣ የእሱ ነው።»

«ማንም አይፈልግም?»

«ኧረ ይፈልጋሉ። ነሐሴ ሆኖባቸው ነው እንጂ።»

ይሄን ስለው ብድግ! በባዶ እግሩ ሄዶ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ሰገደና ሁለት እጁን ዘረጋ። አባ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጽዋውን አስረከቡት፣ መስቀሉን አናቱ ላይ አሳረፉና «በሰላም ያድርስህ» አሉት። «አሜን!» አለ፤ ይቺን አሳምሮ ያውቃታል።

ከዚያማ ቤቱ ተናጋ። «ኧረ አባ! አረመኔ ነው እኮ!» አለች እመት አበቡ።

«ማን?»

«የተረከበው ነዋ! ይቀሙት!»

«እኔ ባርኬ ሰጥቻለሁ። ከእጁ የሚቀበል ካለ ይቀበለው። የተቀበለ ግን ይደግሳል» አሉ አባ።

አንድም እጅ አልተዘረጋም። እመት አበቡ እንደዚያ ቀስ ብላ ስትቀመጥ በዕድሜዬ አይቻት አላውቅም።

ደጅ ስንወጣ ግን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ደብሬ፣ ይሄን ጣጣ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ነሐሴ ሃያ ሰባት ማኅበሩ ቢፈርስ፣ ከእኛ ጋር ጽዋ የምትጠጪበት ቀን አበቃ!» ሳቄ እዚች ላይ ቀጥ አለ። ባሌን የቀበሩልኝ፣ እኔንም ከወደቅሁበት ያነሱኝ እነዚህ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ተለይቼ የት እደርሳለሁ?

በማግሥቱ የጎፓልን ክፍል አንኳኳሁ። መደርደሪያው ላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሦስት ሥዕሎች! በአንድ ወገን የዝሆን ራስ ያለው ቦርጫም፣ በሌላ ወገን ሰማያዊ መልክ ያለው ዋሽንት ነፊ። በመካከላቸው ደግሞ የራሳችን ጌታ፣ ደረቱ ላይ ልቡ እየበራ! ከእግሩ ሥር ቢጫ አበባ፣ ትንሽ መብራትና ቁራሽ ጣፋጭ ተቀምጦለታል። ጽዋችንም አጠገቡ። «ጌታዬ፣ ከእነማን ጋር ዋልህ?» አልሁ ጮክ ብዬ።

ጎፓል አልተቀየመኝም። በርጩማ አቀረበልኝና ያስረዳኝ ጀመር። አገሩ ላይ ኢየሱስን የሚወዱ ብዙ ናቸው አለ፤ እናቱም የገና ዕለት ሻማ ታበራለት ነበር። አንዳንዶቹ ጉሩ ነው፣ ማለት ነፍስን የሚመራ መምህር ነው ይላሉ። አንዳንዶቹ አርባ ቀን በምድረ በዳ የጾመ ታላቅ ባሕታዊ ነው ይላሉ። እንደ እሱ ያሉት ደግሞ አምላክ ዓለም በተበላሸ ቁጥር ሥጋ ለብሶ ይወርዳል፣ ያ ባለ ዋሽንቱም ኢየሱስም እንደዚያ የወረዱ ናቸው ብለው ያምናሉ።

«ስንት ጊዜ ነው የሚወርደው?» አልሁት።

«ብዙ ጊዜ፣ እትዬ።»

«የእኛው አንድ ጊዜ ወርዶ ያየው በቅቶታል! ዳግመኛ የሚመጣው ለፍርድ ነው።»

ከልቡ ሳቀ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሴት ነኝ፤ ይሁን እንጂ መንገዳችን የት ላይ እንደሚለያይ አልጠፋኝም። እሱ ዘንድ ጌታ የከበረ እንግዳ ነው፤ እኛ ዘንድ የቤቱ ባለቤት ነው። ይሄን በልቤ አልሁና ደግሞ የራሴ ነገር ቆረቆረኝ። ለእንግዳው ጎፓል ጠዋት ጠዋት፣ ራሱ እህል ሳይቀምስ አበባ ያቀርብለታል። እኛ ባለቤቱን በነሐሴ ደጅ ልናስድረው ነበር!

«እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲቀመጡ አይቀናኑም?» አልሁት ስነሳ።

«እነሱ አይቀናኑም» አለ። «ሰው ነው የሚቀናላቸው።»

ነሐሴ ሃያ ሰባት ደረሰ። ጠላውን እኔ ጠመቅሁለት፤ ድግሱን እኔ ሳሎን አደረግነውና ከሥዕሎቹ የጌታን ብቻ አምጥቶ አስቀመጠ፣ «ዛሬ የእሱ ቀን ነው» ብሎ። ወጡን ግን ማንም እንዲነካበት አልፈቀደም። ከሌሊት ጀምሮ ዝናቡ አላባራ ብሎ አራት ሰዓት ሆነ፤ አንድም ሴት የለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ጎፓል ምንም አልመሰለውም፣ ድስቱን ያማስላል።

መጀመሪያ አባ በምርኩዛቸው መጡ። ቀጥሎ አንዷ «ለማየት ያህል ነው» ብላ ገባች። እሷን ለማየት ሁለተኛዋ። እነሱን ለማየት ሌሎቹ። እህቷን ከጅጋ ከተማ ድረስ አስጠርታ ይዛት የመጣችም ነበረች! በመጨረሻ እመት አበቡ፣ ጃንጥላዋን ሳትዘጋ።

ምግቡ ቀረበ፦ ሩዝ፣ ምስር በእርድ፣ አተር፣ ደግሞ በወተት የበሰለ ጣፋጭ። እመት አበቡ ምስሩን ቀምሳ ቅንድቧ ተሰቀለ። «ሽንኩርቱ የት ሄደ?»

«ለአምላክ በሚቀርብ ምግብ ሽንኩርት አይገባም፣ ነጭ ሽንኩርትም» አላት ጎፓል።

ሽንኩርት የሌለው ወጥ! ጎጃም ላይ! ሴቶቹ ተያዩ። እመት አበቡ ግን አንድ ጎረሰች፤ ደገመች፤ ሦስተኛ ጊዜ ሳህኗን እየተንጠራራች ወደ ድስቱ ስትልክ አየኋት። አባ ሳይቀሩ «ይጨመርልኝማ» አሉ።

ጸሎቱ ሲያልቅ አባ ጽዋውን አነሱ። «መስከረምን ማን ይረከበናል?» ሳይጨርሱ ስድስት እጅ ተዘረጋ። በነሐሴ ህንድ ደግሶ፣ በመስከረም ማን ጎተራዬ ባዶ ነው ይላል? እመት አበቡ ሁሉንም በክርኗ ገፍታ ጽዋውን ታቀፈችው። ወጥታ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ዞረችና፣ አንድ ወር ሙሉ ስሙን ያልጠራችው ሰው ላይ ጣቷን ቀሰረች፦

«ጎፓል፣ መስከረም ሃያ ሰባት ቤቴ ትመጣለህ፤ የምትቀር እንዳይመስልህ! ሽንኩርቱን ግን አልቀንስም፣ እወቀው።»