ስሙ ያልተጠየቀው ወጣት

በአገራችን የሽማግሌው መጽሐፍ የሌለበት ቤት የለም፤ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ያለበትን ቤት ግን እስቲ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ከእስር ቤት ወጥተው አገር የመሩት ሽማግሌያችን የሕይወት ታሪካቸውን ሲጽፉ ለአንባቢ ጉልበት አላዘኑም፤ መጽሐፉ የጡብ ውፍረት አለው። እኛ የምዳንጻኔ ከተማ ሰዎች ቡፌው ላይ ከሠርግ ብርጭቆዎቻችን አጠገብ አቁመነዋል። አቧራውን እንጠርጋለን። እንግዳ ሲመጣ ርእሱ ወደ በሩ እንዲያይ እናዞረዋለን። ንባቡን በተመለከተ፣ አብዛኞቻችን ሽማግሌውን ገና ልጅ ሳሉ ነው የተለየናቸው። እስር ቤቱ በር ድረስ እንኳ አልሸኘናቸውም።

በየሰፈሩ ግን አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው መጽሐፉን የሚያነበው ስለ ሽማግሌው ለማወቅ አይደለም፤ ራሱን ፍለጋ ነው። ደግሞም ያገኘዋል። ታክሲ ተራ ላይ ጫማ የሚያድሰው ሰውዬ መጽሐፉ ውስጥ አለ። «ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር ይላል አይደል? ብዙው ያለ እኔ ይሞላ ነበር?» ይላል። ከእኛ በታች ባለው መንገድ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተዘፈነ የሚለው ቦታ ላይ አለች፤ ድምፁ የእሷ ነው። ሽማግሌውን ቤቴ ደብቄአቸው ነበር የሚሉት ሁሉ እውነታቸውን ቢሆን ኖሮ፣ ሽማግሌው ጨርሶ አይያዙም ነበር፤ እስካሁንም ከቤት ቤት እየዞሩ እራት ይበሉ ነበር።

የእኛ መንገድ ድርሻ ክቡር ታታ ዝዌሊባንዚ ናቸው። «ታታ» የምንለው ለአባት እኩያ ነው፤ እኔ ግን በልቤ «ባለገጹ» እላቸዋለሁ። ከመጽሐፉ የያዙት ገጽ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ገና ሳይታሰሩ፣ ፖሊስ በሚያሳድዳቸው ዘመን፣ አንድ ዝናባማ ምሽት መኪናቸው በእኛ አውራጃ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። ስሙን ያልጠየቁት አንድ ወጣት ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ መኪናዋን ገፍቶ አወጣላቸው፤ እርጎና ዳቦም ሰጣቸው። በቃ። ሽማግሌው ከዚያ ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋሉ። ታታ ዝዌሊባንዚ ግን አላለፉም።

«ስሜን ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ መኪናዋ ተነሳች» ይላሉ።

ይህችን ቃል ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ሰምቻታለሁ፤ አውቶቡስ ውስጥም፣ የጡረታ ሰልፍ ላይም። መጽሐፉ ከብብታቸው አይለይም። ከብዙ መከፈት የተነሳ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት በራሱ እዚያ ገጽ ላይ ይዘረጋል። ቄሱ ስለ ጥፋት ውሃ ሲሰብኩ ታታ ዝዌሊባንዚ እንደ ዓይን ምስክር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ጎረቤታችን ሞቶ ስለ ሟቹ ጥቂት እንዲናገሩ ሲጋበዙ፣ «ደግ ሰው ነበር፤ ጭቃ ግን አያውቅም» ብለው ጀመሩና ሬሳው ወደ መቃብር የወረደው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዳችንን አስፋልት ላልብስ ብሎ ሲሰበስበን ደግሞ ብቻቸውን ተቃወሙ። «ያን ጊዜ መንገዱ ሁሉ አስፋልት ቢሆን ኖሮ እዚህ እንደርስ ነበር?» ብለው ጠየቁ። መሐንዲሱ ካርታውን ጠቅልሎ ሄደ። መንገዳችን ይኸው እስካሁን አፈር ነው።

ባለቤታቸው ማማ ኖዚዝዌ የሚፈሩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የሱሪው ጥያቄ። የዚያ ምሽት ጭቃ የነካው ሱሪ ሙዚየም መግባት ነበረበት፤ ማማ ኖዚዝዌ ግን ከተጋቡ በኋላ ቀደው ወለል ወልውለውበታል።

«ታሪክ ነው የወለወልሽበት» ይሏቸዋል ባልየው።

«ወለሉ ግን ያበራ ነበር» ይላሉ ማማ ኖዚዝዌ።

እኔ ዓይን አፋር ሰው ነኝ። ሁለተኛ ደረጃን እንደ ምንም ጨርሼ፣ ለአንድ ትንሽ ጋዜጣ አልፎ አልፎ እጽፋለሁ። የጻፍኩትን እሰርዛለሁ፤ የሰረዝኩትን መልሼ እጽፋለሁ። ታታ ዝዌሊባንዚ በአጥር ላይ ብቅ ብለው «አንተ ልጅ፣ የእኔን መቼ ነው የምታወጣው?» ሲሉኝ እያሰብኩበት ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ድምፃቸውን ስሰማ ወደ ጓሮ የምሸሽባቸው ቀናትም ነበሩ።

ልጃቸው ሊንዴካ ግን የምትሸሽበት ጓሮ አልነበራትም። ሊንዴካ አስተማሪ ናት፤ ቡሌላ የሚባል ነርስ ከወደደች ቆይታለች። በመጨረሻ የቡሌላ ወገኖች ልጅ ሊጠይቁ የሚመጡበት ቀን ተቆረጠ። እኔና ታታ ዝዌሊባንዚ የጎሳ ስማችን አንድ ስለሆነ በደንባችን ወንድማማቾች ነን፤ ስለዚህ ከልጅቷ አጎቶች ጋር መቀመጥ ነበረብኝ። በዋዜማው ሊንዴካ ቤቴ መጣች።

«አጎቴ፣ ሌላ ምንም አልለምንዎትም። አባዬ ስለ ጭቃው እንዳያወራ ብቻ። የቡሌላ አጎት ቶሎ የሚቀየሙ ሰው ናቸው። ተቀይመው ከወጡ መልሶ የሚያመጣቸው የለም። ቡሌላ ደግሞ ያለ እሳቸው ቃል አያገባም፤ አውቀዋለሁ።»

ሰው ሲናገር ጣልቃ መግባት የማልችለው እኔ፣ አይዞሽ አልኳት።

መቼም ደንቡ ራሱ ከእኛ ጋር ነበር። የልጅቷ አባት ድርድሩ ላይ አይቀመጥም። አጎቶች ይነጋገራሉ፤ አባት ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ ነገሩ እንደማይመለከተው ሰው ዝም ይላል። ታታ ዝዌሊባንዚን መኝታ ቤት አስገባናቸው። ዝም እንዲሉልን መጽሐፋቸውንም ሰጠናቸው። ያኔ ብልሃት መስሎን ነበር።

የቡሌላ ሰዎች ማልደው መጡ። እንደ ወጉ በር ላይ አቆምናቸው፤ ለምን እንደመጡ የማናውቅ መስለን ጠየቅናቸው፤ ኋላም አስገባናቸው። አፍ መክፈቻ ያመጡትን ብራንዲ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጠርሙሱ እዚያ እስካለ ድረስ ንግግሩ አለ ማለት ነው፤ መልሰው ካነሱት ግን አለቀ። የልጁ አጎት ታታ ምቶቤሊ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለጥሎሽ ስለሚሰጡት ከብት ለስለስ ባለ ቃል ተናገሩ። ሁሉም መልካም ነበር። የልጅቷን ወገን የሚመሩት ታላቁ አጎታችን እንኳ ፈገግ ብለው ነበር። ከዚያ ታታ ምቶቤሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችሁን የምንጠይቃችሁ እንዲያው ከመንገድ የመጣን ሰዎች አይደለንም። ቤታችን ሽማግሌው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ቤት ነው። መኪናቸው ጭቃ የያዛት ጊዜ የገፋት ወጣት አለ አይደል? እኔ ነኝ።»

ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ።

በሩ ተከፈተ። ታታ ዝዌሊባንዚ በካልሲያቸው፣ መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። በእኛ ሰፈር የልጅቷ አባት በድርድር መሃል ሲገባ ያየ ሰው የለም። ታላቁ አጎታችን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መኪናዋ ቀለሟ ምን ነበር?» አሉ ታታ ዝዌሊባንዚ።

«ጭቃ ነበር ቀለሟ» አሉ ታታ ምቶቤሊ ሳይደነግጡ።

«እርጎውን በምን ሰጧቸው?»

«በጣሳ።»

«በቅል ነው።»

«የሰጠሁት እኔ፣ የሚያውቁት እርስዎ?»

«አንተ ሰውዬ፣» አሉ ታታ ዝዌሊባንዚ፤ ከእርስዎ ወደ አንተ ሲወርዱ አንድ ትንፋሽ አልፈጀባቸውም፤ «እሺ ስምህን ለምን አልጠየቁህም?»

ታታ ምቶቤሊ ሩቅ የሚያይ ሰው ገጽታ ያዙ። «ስሜን ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ መኪናዋ ተነሳች» አሉ።

ባለገጹ የገዛ ቃላቸውን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙ ፊታቸው ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ፊት ሆነ። ከዚያ ሁለቱም ባንድ ላይ መናገር ጀመሩ። ሌባ የሚል ቃል ተሰማ፤ ውሸታም የሚልም ተሰማ። ታታ ምቶቤሊ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፤ እጃቸውንም ወደ ጠርሙሱ ሰደዱ። የወጥ ቤቱ መጋረጃ ትንሽ ገለጥ ሲል ሊንዴካን አየኋት። አላለቀሰችም። የምታየው እኔን ነበር።

«ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አሉ ታላቁ አጎታችን። «መጽሐፉ ይኸው። የተማረው ያንብብልን።»

የተማረው እኔ ነበርኩ። መጽሐፉን ተቀበልኩ። በራሱ ተከፈተ፤ ገጹ ከአውራ ጣት ብዛት እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ቃሉ ግልጽ ነው፤ አንድ ወጣት። አንድ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ነው፤ ውሸታም የተባለውም ይህን ሠርግ ይዞት ይሄዳል። ለጋዜጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሳምንት የሚፈጅብኝ ሰው፣ ያን ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ቆሜ እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦

«ስማቸውን ያልጠየቅኋቸው ሁለት ወጣቶች መጡ። አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ሆነው መኪናዋን ገፉልኝ። አንዱ እርጎ ሰጠኝ፤ ሌላው ዳቦ።»

መጽሐፉን ቶሎ ዘጋሁት።

ታታ ምቶቤሊ ይህን ገጽ ምን ያህል ጊዜ እንዳነበቡት አላውቅም። ታታ ዝዌሊባንዚ ግን እያንዳንዱን ነጠላ ሰረዝ ያውቁታል። ቀና ብለው አዩኝ። እዚያ ገጽ ላይ ሁለት የሚባል ቃል እንደሌለ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አንዲት ቃል ቢናገሩ ገጹ የብቻቸው ሆኖ ይቀር ነበር። ዓይናቸው ከእኔ ወደ መጋረጃው ሄደ፤ እዚያ ቆየ።

«እኔ የግራውን ይዤ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በቀኝ በኩል አንድ የሚያቃስት ሰው ነበር። ጨልሞ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም።»

ታታ ምቶቤሊ እጃቸውን ከጠርሙሱ አነሱ።

«የማቃስተው እኔ ነኝ» አሉ። «ወገቤን ያኔም ያመኝ ነበር።»

ጠርሙሱ ተከፈተ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ዝናቡ መጠን ተስማሙ። እርጎው በቅልም በጣሳም እንደነበረ ተወሰነ። ስለ ከብቱ የቀረውን ነገር ታላቁ አጎታችን ብቻቸውን ጨረሱት፤ የሰማቸው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ታታ ዝዌሊባንዚ አጥሩ ላይ ብቅ ሲሉ አልሸሸሁም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ሽማግሌውስ ቢሆኑ» አሉኝ፤ «ሁለት ሰው ቢገፋላቸው ይሻላቸው ነበር። ከባድ መኪና ናት።»

መቼም ደፍሬ የማልጠይቀውን ያን ጊዜ ጠየቅኋቸው። እውነት እዚያ ነበሩ ወይ አልኳቸው።

ወደ መንገዱ ዞሩ። «መኪና ጭቃ ያዛት ሲባል ሰምቼ ሮጥኩ» አሉ። «እናቴን ሳላስፈቅድ ዳቦውን ሙሉውን ይዤ ነበር። ስደርስ የጎማው ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው፤ ውሃ ሞልቶታል። እዚያው ቆሜ ዳቦውን እየበላሁ ጠበቅኩ። ማን ያውቃል፣ እንደገና ይዟት እንደሆነ ብዬ።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ይህን ግን እንዳትጽፈው።»

ይኸው ጻፍኩት። ይቆጡኛል ብዬ አልሰጋም፤ ከአንድ ገጽ በላይ አያነቡም።

የሠርጉ ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። የሙሽሮቹ መኪና ከግቢው እንደወጣች አስፋልት ባልለበሰው መንገዳችን ላይ እስከ ግማሽ ጎማዋ ሰመጠች። ሰው ሁሉ ወደ ታታ ዝዌሊባንዚ ዞረ። እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ለማማ ኖዚዝዌ ሰጡ፤ ታታ ምቶቤሊም ባርኔጣቸውን አስያዙ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ቆሙ። ታታ ምቶቤሊ ገና መኪናዋን ሳይነኩ ማቃሰት ጀመሩ።

«ና አንተ ልጅ» አሉኝ ታታ ዝዌሊባንዚ። «መሃሉ ባዶ ነው።»

በአዲስ ሱሪዬ ገባሁ። ሦስታችንም ገፋን። ጎማው ዞሮ ዞሮ ጭቃውን ከእግር እስከ ራስ ለቀለቀን። ሱሪውን እስካሁን አላሳጠብኩትም፤ ሚስቴም ለወለል እንዳትወስድብኝ ቆልፌበታለሁ። ሊንዴካ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። አንድ ነገር ልትለኝ እንደነበር እምላለሁ፤ አፏን ስትከፍት መኪናዋ ተነሳች።