የፍሪጅ ሐኪሙና የባለቤቴ ዓሣ

በየሰፈሩ የማያውቀው ነገር የሌለ አንድ ሰው አለ፤ የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። የእኛው ክቡር ሊቅ የሚኖሩት ከእኔ ጎን ባለው በር ነው። ዕድሜ ልካቸውን ፍሪጅ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ እኛን ይጠግናሉ። ጣሪያ ሲያፈስ፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሙሽሮች ሲጣሉ፣ "እኔን ነበር መጠየቅ!" ይላሉ። አንድ ጊዜ ለሊፍት ሠራተኛው ሥራውን ሊያሳዩት አብረውት ገብተው ሊፍቱ መሀል ላይ ቆመባቸው፤ ሁለቱንም በስንት መከራ አወጣናቸው። ላባቸውን እየጠረጉ፣ "ችግሩን ለይቼላችኋለሁ፤ አይንቀሳቀስም" አሉን።

እኔ የቤተ መዛግብት ሰው ነኝ፤ ምንጩ ያልታወቀ ወሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። እሳቸው ደግሞ ምንጭ ጠቅሰው አያውቁም። በሰላም ያኖረን ባለቤቴ ነበር። "ተያቸው፣ ሲናገሩ ደስ ይላቸዋል" ይለኝ ነበር።

እሱ ሲያርፍ ዓሣ የሚያኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ አኳሪየሙ፣ ለእኔ ቀረ። ባለ ብርቱካንማ ጅራቱ ወንድ ዓሣ ከእሱ ቀድሞ ስለሞተ፣ ውስጡ ያለችው አንዲት ሴት ዓሣ ብቻ ነበረች። ያ የፓምፕ ድምፅ ቤቱን ይብስ ባዶ አደረገብኝ። ገንዳውን ከነዓሣዋ ለሰፈራችን ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ልሰጥ ወሰንኩ። ጎረቤቴም ቅዳሜ ሊያጓጉዙልኝ ተስማሙ። ግን መጀመሪያ "በሽተኛዋ" መመርመር ነበረባት።

አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉና፣ "ሆዷ ተነፍቷል። አብዝተሽ እየመገብሻት ነው፤ ምግብ ቀንሺባት!" አሉ።

"ጋሼ፣ ምናልባት አርግዛ ይሆን?"

"ከማን? ባል የሌላት ሴት..." ብለው ጀመሩና ፊቴን ሲያዩ ዋጡት። "ማለቴ፣ ዓሣ ናት እኮ።"

ቅዳሜ ባልዲና ጎማ ይዘው መጡ። ጎማውን ውኃው ውስጥ ነክረው ሊያጎድሉ ሲሉ ቀጥ አሉ።

"ይሄ ምን ጉድፍ ነው?"

ጉድፉ ዓይን ነበረው። በሣሩ መሀል ክር የሚያካክሉ ሕፃናት ይርመሰመሳሉ። በሐኪም ትእዛዝ የተራበችው እናታቸውም አፏን ከፍታ ታሳድዳቸዋለች።

"ኧረ ልትጨርሳቸው ነው! ጭልፋ አምጪ!" በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ እጅጌያቸው እስከ ክርን እየራሰ እናቲቱን ወደ ባልዲው ቀዱ። "አንቺ ጨካኝ! የገዛ ልጅሽን?"

እኔ እንደ ልማዴ ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። "ጋሼ፣ እንዲህ ያለችው ዓሣ እንቁላል አትጥልም፤ የወንዱን ዘር ለወራት በሆዷ አቆይታ፣ እሱ ከሞተ በኋላም ልትወልድ ትችላለች ይላል።"

"እኔን ነበር መጠየቅ" ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እርጥብ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እንግዲያውስ ባለቤትሽ ያሳደገው ዓሣ ልጆች ናቸዋ" አሉ።

ወደ ገንዳው ጎንበስ አልኩ። "ይተርፉ ይሆን?"

"አላውቅም፣ ልጄ።"

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቼ ስለማላውቅ አሟቸው ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

"ክሊኒኩ ይቅር" አልኳቸው። ጎማውን ጠቀለሉ።

በማግስቱ ጠዋት ስለ ዓሣ ጫጩት የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ ጨርሼ ነበር። ምግቡን ማድቀቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። እሱን ትቼ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ጋሼ፣ ቢቸግረኝ ነው። ለነዚህ ልጆች ምን..."

ጥያቄዬን ሳልጨርስ፣ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አዟዙረው አድርገው፣ እየመለሱልኝ ቤቴ ገብተዋል።