በዓሣ ጭስ ያደረቅሁት ክሎሮኪን

ዛሬ ልጄ ፊት የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም!

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪ ናት። ስታርች ላይ ፖሊመር የሚሉትን ሌላ ረጅም ሰንሰለት ትቀጥልና በዓይን የማይታይ ቅንጣት ትሠራለች። መድኃኒት እዚያ ውስጥ ሆኖ በሰውነት ይጓዛል፤ የሚፈለግበት ቦታ ሲደርስ ይለቀቃል። ናኖ ምናምን ይሉታል።

ጓደኞቿ በተሰበሰቡበት፣ «ይሄንማ እኔ በደርግ ጊዜ ጋምቤላ ሠርቼዋለሁ!» አልኩ።

ምን አስለፈለፈኝ?

«እንዴት አድርገህ አባዬ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። እናንተም ሳቁ፣ ግድ የለም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ኦሞድ በወባ ሞተ። የወባውን ኪኒን፣ ክሎሮኪንን፣ በዋጠ ቁጥር ይመረውና ያስመልሰው ነበር። የማጸዳው እኔ ነበርኩ።

ወሩ ሳይሞላ እናቴን ትኩሳት ያዛት። ያው ክሎሮኪን ተሰጣት።

ምሬቱ እሷንም ሊወስድብኝ ነው አልኩ።

ኬሚስትሪ እወድ ነበር። የዓሣ ቆዳ ቀቀልኩ፤ ሙጫ ሆነ። የበቆሎ ስታርች ጨመርኩበት። ምሬታቸውን እንዲሸፍን ኪኒኖቹን እዚያ ውስጥ ነከርኩ። አልደርቅ ሲሉኝ ባሮ ወንዝ ዳር ዓሣ የምናጨስበት ቆጥ ላይ አሰጣኋቸው።

እንደ ዶቃ አብረቀረቁ! ኮራሁ።

እናቴ ሁለት ቀን ዋጠች። አላስመለሳትም። ትኩሳቱ ግን አልበረደም። በሦስተኛው ቀን መነሳት አቃታት።

ተሸክሜ ክሊኒክ ወሰድኳት። ጤና ረዳቱ የደጋ ሰው ነው። አንዱን ኪኒን ከእጄ ተቀብሎ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጣለው። የጀመረውን ሻይ ጠጥቶ ጨረሰ።

ኪኒኑ ሳይሟሟ እንዳለ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ኪኒን ነው ጥይት? ለአብዮት ጥበቃ ብታስረክበው ይሻላል!»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። በገዛ እጄ ልገድላት ነበር።

ልጄ ዛሬ እንዳስረዳችኝ ጭሱ ሙጫውን ውሃ እንዳያሟሟው አድርጎ ቆልፎታል። መድኃኒቱ እንደታሸገ ገብቶ እንደታሸገ ወጥቷል!

እናቴ ዓይኗን ገልጣ በአኝዋክኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለኝ ጤና ረዳቱ።

«እግዜር ይስጥልኝ አለች።»

ያለችው ግን፣ «ልጄ ስለለፋበት ዋጥኩት እንጂ ሽታው ከትኩሳቱ ይብሳል» ነበር።

መርፌ ወጋት። ቀጥሎ ምንም ያልተቀባ ክሎሮኪን ሰጣት።

አኘከችው! ፊቷ እንኳን አልተለወጠም።

ዳነች።

ይመርሻል ወይ ብዬ አንዴም አልጠየቅኋትም። ሲመረው ያየሁት ኦሞድን ነው። ለእሱ ልሠራለት ይገባኝ የነበረውን ነው እሷን ያስዋጥኳት።

በሽተኛን መጠየቅ በስንተኛ ክፍል ነው የሚያስተምሩት? እኔ እስከ አሥራ ሁለተኛ ተምሬ አላገኘሁትም።