ጋሽ ይርዳው አልፈርምም ያሉባት ግድግዳ

«ደህና አደሩ?» ሲሉት «ምን ሰምተህ ነው?» የሚል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ገና አልተመሰረተም ማለት ነው። መካነ ሰላም ላይ ይሄ ሹመት የክቡር ጋሽ ይርዳው ነው። ሃያ ሰባት ዓመት እህል ሚዛን ላይ ቆመው፣ ጤፍ ውስጥ አሸዋ ሲቀላቀል ሲያዩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጥርጣሬያቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ጎረቤታቸው ፈርሂያ ከጅዳ የገባች ለታ አገር ሁሉ «አልሃምዱሊላህ» ሲላት፣ እሳቸው «ማን ላከሽ?» ነው ያሏት።

ይቺው ፈርሂያ የእናቷን የእቴቴ ኑርጃንን የጭቃ ቤት አፍርሳ በብሎኬት ልትሰራ ተነሳች። አንደኛው ግድግዳ ግን የጋራ ነው፤ ወዲህ እቴቴ፣ ወዲያ ጋሽ ይርዳው። ማዘጋጃ ቤት «አዋሳኝሽ ካልፈረመ ፈቃድ የለም» አላት። ግድግዳው ደግሞ ሆዱን ነፍቶ እቴቴ አልጋ ላይ አዘንብሏል፤ መጪውን ክረምት አይሻገርም።

ወረቀቱን ይዛላቸው ሄደች። ጋሽ ይርዳው መነጽር አድርገው ፊቱን አነበቡ። ገለበጡና ባዶውን ጀርባ ከፊቱ አስረዝመው አነበቡ። «ይቺ ነገር ጀርባ አላት» ብለው መለሱላት።

ነብር የተሳለበት የሳዑዲ ብርድ ልብስ ወሰደችላቸው። «ብርድ ልብስ የሚሰጥ ሊያስተኛኝ ነው» አሉ። ሸህ ጀማሉዲንንና አቶ አለምነውን ሽማግሌ ላከች። ዱዓው ገና ሳያልቅ ጋሽ ይርዳው የሁለቱንም እጅ አሸተቱ፣ እሷ ቤት ምሳ በልተው እንደሆነ። በልተዋል። ሽምግልናው እዚያው ፈረሰ።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳው እንዳይጠጋቸው ጠዋት ጠዋት ከበራቸው መቃን ጀምረው በገመድ ይለኩ ጀመር። አንድ ቀን ገመዱ ዝናብ መትቶት አጠረና ቤታቸው በሁለት ጣት ሰፍቶ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። እሳቸው «መሬት በነፃ የሚጨምርልኝ ማነው?» እያሉ ደጃፍ ላይ ሲጠብቁ ዋሉ። ፈርሂያ ነገሩ የመሬት መሰላትና «አንድ ክንድ ይውሰዱ» አለቻቸው።

«ምን ልትቀብሪበት?»

በመጨረሻ እንባዋ መጣ። ግድግዳው እናቷ ላይ ሊወድቅ እንደሆነ ነገረቻቸው። ጋሽ ይርዳው «ይሄ ብሎኬት የምትሉት፣ ድምፅ ያሳልፋል?» አሉ።

«በጭራሽ» አለች፣ የምታባብላቸው መስሏት። «ሚስጥርዎ እዚያው ይቀራል።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እቴቴ ሱብሂ ሰግዳ እንደ ልማዷ ግድግዳውን ሁለቴ በቡጢ መታች። «አንተ ይርዳው፣ አለህ?»

«የት ልሄድልሽ ነበር? ምን አገባሽ?» አለ ግድግዳው።

ሚስታቸው ሰብሌ ከሞተች ጀምሮ፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው። ፈርሂያ እስከዛሬ ፀብ ይመስላት ነበር።

ጫማዋን ሳታጠልቅ ሄዳ ወረቀቱ ላይ ጨመረችበት፦ «በእቴቴ አልጋ ትክክል አንድ ብሎኬት ይዘለላል።» ጋሽ ይርዳው ፊቱንም ጀርባውንም አንብበው ፈረሙ። እሷንም አስፈረሟት። የእቴቴንም አሻራ ወሰዱ።

ቤቱ ክረምቱን ቀድሞ ቆመ። በቀደም እቴቴ እህቷን ልትጠይቅ ወረኢሉ ወረደች። ጎህ ሲቀድ በቀዳዳዋ በኩል ጉሮሮ ተጠረገ። «ዛሬ ምን ደብቃችሁኝ ነው ዝም ያላችሁት?»

ፈርሂያ ከእንቅልፏ ዘላ ተነሳች። «ጋሼ፣ አሉ?»

«አንቺ ደሞ ለምን ፈለግሽኝ?»

እየሳቀች ጎንበስ ስትል በቀዳዳዋ የገመድ ጫፍ ብቅ አለ። ጋሽ ይርዳው፣ እነፈርሂያ ማታ ማታ እየደፈኑ አጥብበዋት እንደሆነ እየለኩ ነው።