ዓብዩ ዘድሬ ስለ ተማም ፊት ከፀሐይ ጋር እንደ ተዋጋ

የአታሚ ቀለም ዘመነ ካርትሪጅ ተፈጽሞ ዘመነ ጠርሙስ በገባ፣ ዓብዩ ርእሰ ፎቶግራፈሮች፣ ከሣቴ ገጽ፣ መስተጋድል ምስለ ፀሐይ፣ በድሬ ከተማ በከዚራ ሰፈር ቤተ ፎቶውን ባቀና በሃያ ሁለተኛው ዓመተ መንግሥቱ፣ በወርኃ ግንቦት፣ አስፋልቱ የሸበጥ ሶል እየላጠ በሚያስቀርበት ሰሞን የሆነው ነገር ይህ ነው። ሌሎች ጸሐፍያን የነገሥታትን ዘመቻ ይጻፉ፤ የእኛ ጌታ አገር አላቀናም፣ ጠላትም አልማረከም፤ የአንድ ሟች ሰው ፊት ከአረንጓዴነት አውጥቶ ወደ ሰውነት መለሰ እንጂ። ይህንንም ቀላል ነው የሚል ቢኖር ያልሞከረው ብቻ ነው።

የጦርነቱ መነሻ እንዲህ ነው። በዘመነ ካርትሪጅ፣ ጌታችን ገና ጢሙ ሳይሸብት፣ አዴ ሃሊሞ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን የተማምን ጉርድ ፎቶ ይዛ መጥታ ነበር። ተማም የሽመንደፈር መካኒክ ነበር፤ ከባቡር በታች ተኝቶ ሲሠራ ስለ ኖረ ፎቶ የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ለመታወቂያ። ጌታችንም ጉርዱን ስካን አድርጎ፣ ስካኑን በኮምፒውተሩ አኑሮ፣ አሳድጎ፣ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ በጥቁርና ነጭ አትሞ ሰጣት። ጉርዱን ኋላ ምስጥ በላው፤ ትልቁ ግን በአዴ ሃሊሞ ሳሎን በመስኮቱ ትይዩ ተሰቅሎ ነገሠ።

ነገር ግን ያ ጥቁር የመሰለው ጥቁር አልነበረም፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ተማክረው ጥቁር መስለው የቆሙበት ነበር እንጂ። የድሬ ፀሐይም ዕለት ዕለት በመስኮት እየገባች በመጀመሪያ ቀዩን ገደለችው፤ ቀይ ሲወድቅ የቀሩት ሁለቱ ተቃቅፈው አረንጓዴ ሆኑ፤ ተማምም ከግንባሩ እስከ ክራቫቱ እንደ ማንጎ ቅጠል ለመለመ። የሰፈሩ ሰው ቀልድ ካገኘ አያሳልፍምና «ተማም አረንጓዴው» ብሎ ስም አወጣለት። አባቷ ሲሞት ገና ጡት ያልጣለችው ልጁ ዐማል ግን ከዚያ ግድግዳ በቀር አባቷን የምታውቅበት የላትም፤ በልቧ ያለው አባት አረንጓዴ ነው። ይህ ያስቃል፤ ደግሞም አያስቅም።

ወእምዝ ዐማል አድጋ ለመልካ ጀብዱ መንደር ልጅ ታጨች፤ የኒካሁም ቀን ተቆረጠ። አዴ ሃሊሞም አረንጓዴውን ባሏን በብብቷ ይዛ ወደ ቤተ ፎቶው መጣች፤ መግባትም አልወደደችም፤ ባጃጆች በሚርመሰመሱበት አደባባይ ቆማ፣ ጥሩንባቸውንም አሸንፎ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦

«ስማ ዓብዩ! የከዚራ ሰውም ስሙኝ! ባሌ ጠይም ነበር ዋላሂ! ይኼው ጫት አድርጎልኛል! አማቾቼ መጥተው የልጅቷ አባት የታለ ቢሉኝ ይኼን እንሽላሊት ላሳያቸው? አቦ! ወይ ሰው አድርገህ መልስልኝ፣ ወይ ያንን የፎቶ ቤት ሰሌዳህን አውርድ!»

በድሬ «አንቱ» የሚባል ቃል ጉምሩክ ላይ ተይዞ ስለ ቀረ፣ ጌታችን በአንተ መጠራቱን ማንም ነውር አላለውም። እርሱ ግን አፈረ። «እኮራለሁ» ብሎ አይናገርም እንጂ ከሥራው ሁሉ በዚያ ፎቶ ይኮራ ነበር፤ ደንበኛ በገባ ቁጥር የተማምን ነገር ሳያነሣ አያስወጣም። አሁን የኮራበትን ፊት ቢመለከት እርግጥም ከጫት እንጂ ከሰው ወገን አይደለም። ስለዚህ በደረጃው ላይ ወጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይህን አወጀ፦

«አዴ ሃሊሞ፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ከዛሬ ጀምሮ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ከተማም ፊት ተሽረዋል! ጥቁር ብቻ ይንገሥ! ከኒካሁ በፊት ጠይም ሆኖ ቤትሽ ይገባል፤ ካልገባ ሰሌዳዬን በእጄ አወርዳለሁ!»

የከዚራም ሕዝብ አጨበጨበ፤ አዋጁ ገብቶት ሳይሆን ሰሌዳ ሲወርድ ማየት ስለሚወድ ነው።

ጌታችንም ፀሐይ የማትገድለው ጥቁር ቀለም ፍለጋ ክተት አለ። የሠራዊቱም ዝርዝር ይህ ነው፦ ፊታውራሪው ዑመር ባለ ባጃጁ፣ የጌታችን የጫት በርጫ ወዳጅ፣ ምላሱ ከሞተሩ የሚፈጥን፤ ግራ አዝማቿ የዑመር ባጃጅ፣ ሦስት እግር ያላት፣ ፍሬኗ በጸሎት የሚይዝ፤ ቀኝ አዝማቹ የቀዝቃዛ ውኃ ላስቲክ፣ ታይዋን ገበያ ሳይደርስ የፈላ። ደጀን አልነበረም፤ ባጃጇ ከዚያ በላይ አትጭንም።

በታይዋን ገበያ በጠርሙስ ቀለሞች ላይ የተሾመው አኒስ፣ ሠራዊቱ ሲቃረብ ባየ ጊዜ ከወንበሩ ሳይነሣ አዋጁን ለቀቀ፦ «ኦሪጅናል ነው! ሁሉም ኦሪጅናል! ዋላሂ ኮፒውም ኦሪጅናል ነው!» ጌታችን ግን በአዋጅ የሚታለል አይደለምና ጥቁሩን ጠርሙስ ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣ በብርሃን ያይ፣ ይገለብጥም ነበር። አብዛኛው እንደ ቪምቶ መጠጥ ዝቃጭ የሌለው የጠራ ውኃ ነበር፤ ይህ ቀለም የሟሟ ነው፤ የሟሟውን ፀሐይ ትጠጣዋለች። ከመደርደሪያው ኋላ ግን አቧራ የለበሰ አንድ ጠርሙስ ተገኘ፤ ከሥሩ ዝቃጭ ቋጥሯል። አኒስ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊጥለው ነበር። ጌታችን ዝቃጩን ባየ ጊዜ ልቡ ዘለለ፤ የሚዘቅጥ ቀለም አልሟሟም ማለት ነው፤ የጥላሸት ዱቄት ነው፣ እንደ ብራና ጸሐፍት ቀለም። ጥላሸትን ደግሞ ፀሐይ ምን ታደርገዋለች? ድሮውንም የተቃጠለ ነው።

ያም ቢሆን ጌታችን አንድ ጊዜ ፀሐይን አምኖ የተዋረደ ነውና ጠርሙሱን በቃሉ አልተቀበለውም። ከየቀለሙ በየወረቀቱ ቁራጭ አትሞ፣ የእያንዳንዱን ግማሽ በካርቶን ሸፍኖ፣ በቤተ ፎቶው ጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ዘረጋቸው። ፀሐይም ከሳሽ፣ ምስክርና ዳኛ ሆና ተሰየመች። ችሎቱ ባበቃ ጊዜ ካርቶኑን ቢያነሣ፣ የሟሙት ቀለሞች አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ የቡና አተላ፣ አንዱም ያለ ፈቃድ ጠፍቶ ተገኘ፤ ጥላሸቱ ብቻ የተሸፈነውም ያልተሸፈነውም አንድ ነበር። ወረቀቶቹ ግን ሁሉም ከዱ፤ የሚያብለጨልጨው ተሰነጣጠቀ፣ በኦሞ የታጠበ ይመስል ነጭ የነበረውም እንደ ሲጋራ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆነ። ጌታችንም ቀለም አገኘ፣ የሚያርፍበት ወረቀት አጣ።

እኅቱ ቢታንያ በጅቡቲ ባቡር ላይ ትሠራለች። ከጥጥ የተሠራ፣ አሲድ የሌለበት፣ በማንጫ ያልነጣ ወረቀት ፈልጊልኝ ብሎ ላከባት፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጥቂት ሉኮች እንደ ተገኙ ተሰማ። ሠራዊቱም ወደ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ዘመተ፤ በመልካ ጀብዱ መንገድ አቧራው ባጃጇን ቢውጣት፣ ዑመር በጥሩንባው ብቻ እየተመራ አወጣት። ቢታንያ ጥቅሉን ስታስረክብ ሰውን ሁሉ ያስደነገጠ አዋጅ አሰማች፦ «እንዳታጥፉት! እንዳታረጥቡት! እንደናንተ አድርጋችሁ እንዳትነኩት! ከኒካሁ በፊት ደግሜ አልመጣም፣ ሌላም የለም!»

አሁን ወደ ሐዘኑ ደርሰናል።

ከምሳ በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት ድሬ በሯን ቆልፋ ምንጣፏን ትዘረጋለች፤ ጌታችንና ዑመርም በቤተ ፎቶው ጓዳ በርጫ ተቀምጠው ስለ ወረቀቱ ምክር ያዙ። ጌታችን አይቅምም፤ ለወግ ይቀመጣል። የጥጥ ወረቀት ቀለም የሚይዘው በአንድ ፊቱ ብቻ መሆኑን፣ በጀርባው ቢታተም ቀለሙ እንደ መረቅ እንደሚሰርግ፣ ሁለቱ ፊቶች ግን ለዓይን አንድ ስለሆኑ ከንፈርን ጥቂት አርሶ ጫፉን መንካት እንደሚያስፈልግ፣ የሚጣበቀውም ፊት ትክክለኛው እንደሆነ ለዑመር አስተማረው። ይህን ብሎ አታሚውን ሊያጥብ ወደ ፊት ክፍል ወጣ።

ዑመር ግን የጫቱ ምርቃና ከፍታው ላይ ደርሶ ነበር፤ በዚያ ከፍታ ላይ ያለ ሰው የወዳጁን ሸክም ሳያቀልል መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ በፍቅር ተነሣ። ሉኮቹንም አንድ በአንድ እያነሣ፣ ጫፋቸውን ሳይሆን መካከላቸውን፣ በከንፈሩ ጥግ ሳይሆን በሙሉ አፉ፣ እንደ ናፈቀው ዘመድ እየሳመ መረመራቸው። ከንፈሩ ግን ከምሳ ጀምሮ ጫት ሲያደቅቅ የዋለ ከንፈር ነው። ጌታችን ሲመለስ በእያንዳንዱ ሉክ መካከል አንድ አንድ አረንጓዴ ማኅተም አርፎበት አገኘ፤ ዑመርም ፊቱ በርቶ ይህን አወጀ፦ «አቦ አትልፋ! ሁሉንም አረጋግጫለሁ፤ ፊቱ በዚህ በኩል ነው!»

ተማምን ከአረንጓዴ ሊያወጣ በተሰለፈ ጦር ውስጥ አረንጓዴ ገባ። ጌታችን ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ አልተሳደበም፣ ይህም ዑመርን ከስድብ በላይ ጎዳው። ዑመር አፉን በእጁ ሸፍኖ ሊያለቅስ ሲል፣ ጌታችን የመጨረሻውን ሉክ አነሣ። እሱን ሲስም የዑመር ስልክ ጠርቶ ኖሮ ከንፈሩ ወደ ጎን አርፏል። ግማሹ ንጹሕ ነው። ጌታችን ተማምን የበር ያህል ሊያደርገው አስቦ፣ ለአማቾቹ ከግቢው ደጅ እንዲታይ ተመኝቶ ነበር፤ ቢላውን ስቦ የተበከለውን ቆርጦ ሲጥል በእጁ የቀረው የሻይ ትሪ ያህል ነበር።

በማግስቱ ማለዳ፣ መብራቱ ከመሄዱ በፊት፣ ያኖረውን የጉርዱን ስካን ከፍቶ፣ ጥላሸቱን አታሚው ውስጥ ሞልቶ፣ ለእንዲህ ያለው ለማያብለጨልጭ ወረቀት የሚሆነውን ደብዛዛ ጥቁር መርጦ፣ ትእዛዙን ሰጠ። አታሚው እያቃሰተ ሄደ ተመለሰ። አስቀድሞ ፀጉሩ ወጣ፤ ቀጥሎ ግንባሩ፤ ቀጥሎ በአሮጌው ፎቶ ላይ ጨርሶ ያልታየ ነገር፣ ተማም ለመታወቂያ ብሎ ቢላጭም በችኮላ የተዋት የጢም ጥግ ወጣች። ጉንጩ ጠይም ነበር፤ ጥላውም ጥላ ነበር። ጌታችንም ወረቀቱ ሳይወድቅ በሁለት እጁ ተቀበለው።

በመስታወት አስገብቶ ወደ አዴ ሃሊሞ ሲወስደው ግን ፈራ። ስለ ትንሽነቱ ይቅርታ ለመነ፤ በልማዱም አዋጅ ጨመረበት፦ «ቀለሙም ወረቀቱም ጀግና ነው፤ ሆኖም ከድሬ ፀሐይ ፊት የሚቆም ጀግና የለም፤ በመስኮት ትይዩ አይሰቀል፣ ጓዳ ይግባ!» አዴ ሃሊሞ ፎቶውን ብዙ አየችው። ከዚያም ስለ ትንሽነቱ አንዳች ሳትናገር የአዋጁን ግማሽ ሻረችው፦ «ጓዳማ አይገባም! ተማም ሰው የሚወድ ሰው ነበር፤ ከሰው ጋር ይውላል!»

የኒካሁ ቀን ደረሰ። ግቢው በመልካ ጀብዱ እንግዶች ሞላ፤ ድንኳኑ ስላልበቃ ከፊሉ ሰው በግንቡ ጥላ ተቀመጠ። በድሬ ሰው ጥላ አይጠብቅም፤ ወንበሩን ይዞ ከጥላው ጋር ይዞራል። ፀሐይ በገፋች ቁጥር ግቢው ሁሉ አንድ ጊዜ ብድግ ይላል፣ ወንበር ይንቋቋል፣ እንደገና ይቀመጣል። አዴ ሃሊሞም ባሏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ፊቱን ወደ አማቾቿ አዙራ፣ ሰው ሲነሣ አብራ ትነሣ፣ እሱንም አቅፋ ወደ ጥላው ትሻገር ነበር። የበር ያህል ቢሆን ኖሮ ማን ይሸከመው ነበር?

ወእምዝ ሙሽራዋ ከቤት ወጣች። እናቷ ፎቶውን ከፍ አደረገችላት። ዐማልም ቆማ ቀረች፤ እጇን ወደ ገዛ ጉንጯ ሰደደች፤ ቀጥሎም በዚያ ግቢ ከተነገሩት አዋጆች ሁሉ አጭሩን፣ ለእናቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ አወጀች፦ «ኡሚ፣ እኔን ይመስላል እኮ።»

አዴ ሃሊሞ ፎቶውን ከልጇ ጉንጭ አጠገብ አድርጋ ለሰው ሁሉ አሳየች። ሴቶቹ እልል አሉ። ጌታችንም ከኋላ የሩዝ ሰሃኑን ይዞ ዓይኑን ሲጠርግ ታየ፤ የሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ቢስባሱ ነው አለ፤ ቢስባሱ ግን ገና አልቀረበም ነበር።

ክብር ይገባዋል ለዓብዩ ዘድሬ፣ ቀይን ለሻረ፣ ጥላሸትን ላነገሠ፣ ጥጥን ከባሕር ማዶ ላስመጣ፤ ምስጋናም ለፊታውራሪ ዑመር፣ ሳያውቅ ልክ ለቆረጠ። ስሙ ከከዚራ እስከ ሁርሶ ይነገር፤ ሰሌዳው አይውረድ፤ ከጣሪያው ጥላ አይራቅ። ብዙ ነገሥታት የሕያዋንን ፊት ወደ መሬት ሲያስደፉ ኖረዋል፤ እርሱ ግን የአንድ ሟች መካኒክን ፊት ቀና አድርጎ ለልጁ አሳያት።